ደብረ ብርሃን ዳር ያለው የወል ግጦሻችን እንዴት ይትረፍ?

የጨፌዋ፦
የምኖረው ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ፣ በአንኮበር መንገድ በኩል ነው። ከቤታችን ዝቅ ብሎ ሦስት ጎጥ በጋራ የሚያሰማራበት ጨፌ አለ። ከነሐሴ እስከ መስከረም ማገጡ ያብባል፤ ያንን የጋጠ በግ ለመስቀል ገበያ ሲወጣ ላቱ ብቻ ያስታውቃል። ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይም የሚያርፈው እዚያው ነው።

አሁን ከተማው ደረሰብን። ማታ ማታ ገልባጭ መኪና የግንባታ ፍርስራሽ እያመጣ ይደፋል። ከምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሣሩን ከነሥሩ በዶማ እየገነጠሉ የሚወስዱት ናቸው። የተገነጠለው ቦታ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይተኛበታል፤ በዓመቱ እንግጫ ይወርሰዋል፣ በግ አፉን አያስገባበትም።

ከተማ አይደግ አላልኩም፤ ልጄም እንጀራውን የሚበላው ፋብሪካ ተቀጥሮ ነው። ወጣቶቹ «በሽቦ እንጠረው፣ ከብት አይግባበት፣ ዛፍ እንትከልበት» ይላሉ። ልቤ አልተቀበለውም። የምታውቁ ምከሩኝ።

የመሐል ሜዳው፦
እህቴ፣ ልብዎ እውነቱን ነግሮዎታል። መንዝ ውስጥ ጓሳ የቆየው ለሣሩ ጊዜ ስለተሰጠው ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ደጋ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የወል መሬት መጠበቂያ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሕዝቡ አባ ቄራ ይመርጣል፤ እሱ ከዘጋ ማጭድ የሚያነሣ የለም። ሣሩ እስኪጠና ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር። በበጋ ሲከፈት ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚሆነው ይታጨዳል፤ ቀጥሎ ከብቱ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ይወጣል። ሰርቆ ያጨደ ሰው ቤቱ እስከ መቃጠል ይቀጣ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ የደረሰ ሁሉ ያጭድ ጀመር። በኋላ ማኅበረሰቡ በመተዳደሪያ ደንብና በራሱ ጠባቂዎች መልሶ ያዘው። ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም ዛሬ ያሉት ሣሩ ስላለ ነው። ዛፍ ተተክሎበት ቢሆን ኖሮ ምን ይተርፍ ነበር?

ዕፅዋት ወዳጅ፦
በደቡብ እንግሊዝ የጠመኔ ድንጋይ ኮረብታዎች አሉ፤ አፈራቸው ስስ፣ ሣራቸው አጭር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር እስከ 40 የዕፅዋት ዓይነት የሚቆጠርበት ቦታ አለ። ያንን ያቆየው ለብዙ መቶ ዓመታት የዘለቀ የበግ ግጦሽ ነው። በጉ በቀረበት ቦታ ቁጥቋጦ ወረሰው፣ አበባውም ጠፋ፤ ስለዚህ አሁን ጠባቂዎቹ ራሳቸው በግ እያመጡ ያሰማሩበታል። የእናንተው ግን ጨፌ ነው። መሬቱ ሳይጠነክር ከብት ከገባበት ኮቴው ይደፈጥጠዋል። መቼ እንደሚገባና ስንት እንደሚገባ ተስማሙ። ባሕር ዛፉንም ከምንጩ አርቁት።

የመሬት ባለሙያ፦
ደንብ ብቻውን ከተማ አያቆምም። የወል ይዞታ በሕግ የታወቀ ነው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ከሌላችሁ ለወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ነገውኑ አመልክቱ፣ ወሰኑ ይለካ። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ለወል ይዞታም ካሳ እንዲታሰብ ይደነግጋል፤ ያልተለካ ጨፌ ግን በቀላሉ «ባዶ መሬት» ይባላል። የከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ በምን ቀለም እንደተቀባም ሄዳችሁ እዩ። መኖሪያ ተብሎ ከሆነ ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አስገቡና ቅጂውን ያዙ። ፍርስራሽ የሚደፋውን መኪና ታርጋ ከነቀኑ መዝግቡ።

የጨፌዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብተር የለንም፤ ለሽማግሌዎቹ ይህንን አነብላቸዋለሁ። የመሐል ሜዳው ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ዶማ የሚይዙት መሬት የሌላቸው ልጆች ናቸው። በቄሮ እነሱ ድርሻ ነበራቸው?

የመሐል ሜዳው፦
በጥንቱ ሥርዓት መብቱ ከመሬቱ ቀደምት አባቶች ዘሩን ለሚቆጥር ብቻ ነበር፤ እናንተ ያንን አትድገሙት። ልጆቹን ጠባቂ አድርጓቸው፣ ደመወዛቸውም ከሚታጨደው ሣር ሽያጭ ይውጣ። በደንባችሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይጻፍ።