የእናት የክብደት ታሪክና የልጅ አበላል፦ እናቶችን ምን እንጠይቅ?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ
ሰላም ለዚህ ቤት። ልጅ ሲመዘን የምናየው የልጁን ኪሎ ብቻ ነው። እናትዬዋ ድሮ ከስታ የኖረች፣ ወይም ወፍራ ኋላ የቀነሰች ብትሆን ይህ በልጇ አበላል ላይ ይታያል? ከታየስ በዘር ነው ወይስ በገበታ? እናቶቹን ምን ብንጠይቃቸው ይሻላል?

አዋላጅ ነርስ፣ ደሴ
ዘሩም አለበት፣ ማህፀኑም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1944/45 ክረምት ኔዘርላንድን በመታው ረሃብ፣ በእርግዝናቸው መጀመሪያ ወራት የተራቡ እናቶች የወለዷቸው ልጆች ካደጉ በኋላ ለውፍረት ይበልጥ የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል። የ66ቱንና የ77ቱን ላሳለፈ የወሎ ሰው ይህ ሩቅ ነገር አይደለም።

በእርግዝና መጨመር ያለበት ኪሎም በቀድሞው ክብደት ይወሰናል። ኪሎውን በሜትር ለተለካው ቁመት ሁለት ጊዜ አካፍሉ። ውጤቱ ከ18.5 በታች ለሆነች መጨመር ያለባት ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ ነው፤ እስከ 24.9 ከ11.5 እስከ 16፤ እስከ 29.9 ከ7 እስከ 11.5፤ ከ30 ጀምሮ ከ5 እስከ 9። ችግሩ ብዙዎች የሚመጡት ሆዳቸው ከገፋ በኋላ ስለሆነ የቀድሞው ኪሎ አይታወቅም። ያኔ የላይኛውን ክንድ ዙሪያ ለኩ፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እናትዬዋ ራሷ በምግብ እጥረት ተጎድታለች።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደሴ
ዋናው መተላለፊያ ፍርሃት ነው ባይ ነኝ። ረሃብ ያየች እናት ልጇ እንዳይከሳ ትሰጋለች፤ በውፍረት የተሰቃየች ደግሞ እንዳይወፍር። አንደኛዋ በግድ ታጎርሳለች፣ ሌላዋ ምግብ ትቆልፋለች።

የማጎረሱ ጣጣ የሚብሰው ልጁ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከ6 እስከ 7 ኪሎ የጨመረ ሕፃን በሁለተኛው የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ብቻ ስለሆነ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ጤነኛ ነው። እናት ግን «እምቢ አለኝ» ብላ ጉርሻውን ታከታትላለች፤ ልጁም ወይ ምግብ ይጠላል፣ ወይ ጥጋቡን ማወቅ ይተዋል። መቆለፉም አይረዳም፤ ዓይኑ እያየ የተከለከለውን ብስኩት ያገኘ ቀን ሳይርበው ይጨርሰዋል። ከነጭራሹ ቤት አለማስገባት ሌላ ነገር ነው፤ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ወደ 30 ግራም ስኳር አለ።

ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ እናት ትወስን፤ ስንት እንደሚበላ ልጁ። በቀን 3 ገበታና 1 ወይም 2 መክሰስ፤ ጡት ለጣለ ልጅ በመካከል ከውሃ በቀር ምንም። ጎመን አልወድም ካለ ከሚወደው ሽሮ ጎን አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ያለ ልመና፣ እስከ 15 ጊዜ ይቅረብለት። ብዙዎች ሦስተኛው ላይ ይተዉታል። ነፍሰ ጡሯም ጎመኑን ትብላ፤ የምትበላው ጣዕም በሽርት ውሃና በጡት ወተት ለልጁ ይደርሰዋል።

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ
እናመሰግናለን። አያት «አላጠገባችሁትም» እያሉ ሲያጎርሱትስ?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ደሴ
አብሽሩ፣ በየቤቱ ያለ ነው። አትውቀሷቸው፤ የ77ቱን ያዩ ናቸው። ልጁ ሲመዘን አብረው ይምጡና የእድገት ካርዱን መስመር በጣታችሁ እየተከተላችሁ አሳዩአቸው። መስመሩን ይዞ የሚሄድ ልጅ እየጠገበ ነው። መስመሩ ከተጋደመ ወይም ከወረደ ግን ጉርሻ አያነሳውም፤ ተቅማጥ፣ ሳልና ትኩሳት እንዳለ መርምሩ። እናትን «ልጅ ሳለሽ የተራብሽበት ጊዜ ነበር? ስለ ሰውነትሽ ቤት ውስጥ ምን ይባል ነበር?» ብላችሁ ጠይቋት፤ ነገር የሚገባው ልጅ ካለ ግን እሱ በሌለበት።