በጎጃም ኮሌጆች ዲዛይን በክራክ ፎቶሾፕ እናስተምር ወይስ በነጻ መሣሪያዎች? (ክርክር)

አወያይ፦
ትምህርት ሊጀመር ስለሆነ በኮምፒውተር ላብራቶሪ (ላብ) ኮምፒውተሮች ላይ ምን እንደሚጫን ከአሁኑ እንነጋገር። አንዱ ወገን «ገበያው የሚጠይቀው ፎቶሾፕና ኢላስትሬተር ነው፤ ክራክም (ፈቃዱ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚጫን ቅጂ) ቢሆን እሱን እናስተምር» ይላል። ሌላው ደግሞ «ኢንክስኬፕ (የሎጎና የቅርጽ መሣያ)፣ ጂምፕ (የፎቶ ማስተካከያ)፣ ክሪታ (የሥዕል መሣያ)፣ ስክራይበስ (የገጽ ማዋቀሪያ) እና ኢንተርኔት ላይ በነጻ የሚገኙ መማሪያዎች ይበቃሉ» ባይ ነው። ምክንያታችሁን አስቀምጡ፤ ስድብ አይፈቀድም።

የማተሚያ ቤት ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
እኔ የፎቶሾፕ ወገን ነኝ። ደንበኛ የሠርግ ጥሪ ወይም የንግሥ በዓል ባነር ይዞ ሲመጣ ፋይሉ ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ) ወይም ኤአይ (የኢላስትሬተር) ነው። ሌየር ማስክና ስማርት ኦብጀክት የሚባሉትን የፎቶሾፕ ንብርብር (ሌየር) አሠራሮች የማያውቅ ልጅ ያንን ፋይል ከፍቶ ስም እንኳ መቀየር ይቸግረዋል። ሁለተኛው ነገር ቀለም ነው። ኢንክስኬፕ የሚሠራው በአርጂቢ (በስክሪን ቀለም) ነው። ከእሱ የወጣ ጥቁር ጽሑፍ ወደ ሲኤምዋይኬ (ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለሞች) ሲቀየር በአራቱም ቀለም ይከፋፈላል። ወረቀቱ ማሽኑ ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከተንሸራተተ የ9 ፖይንት አማርኛ ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ ያወጣል፤ የ«ቋ» እና የ«ጭ» ቀዳዳ ይደፈናል። ይህንን ለደንበኛ «ነጻ ፕሮግራም ስለሆነ ነው» ብዬ ላስረዳ አልችልም።

የግራፊክስ መምህርት፣ ቡሬ፦
ወንድሜ፣ ስለ ጥቁሩ ያነሡት ልክ ነው፤ አልክድም። ስሕተቱ ግን ሁሉንም ሥራ ኢንክስኬፕ ላይ መጨረስ ነው። ሎጎውንና ሥዕሉን በኢንክስኬፕ ሠርቶ በኤስቪጂ (ቢያሰፉት በማይደበዝዝ የሥዕል ፋይል) ማስቀመጥ፣ ገጹን ደግሞ በስክራይበስ ማዋቀር ነው የሚያዋጣው። ጽሑፉን ስክራይበስ ውስጥ ጽፎ «ብላክ» የሚለውን ቀለም ይሰጡታል፤ ይህ 0-0-0-100 (ሌሎቹ ሦስት ቀለሞች ዜሮ፣ ጥቁሩ መቶ በመቶ) ስለሆነ ፊደሉ በአንድ ጥቁር ቀለም ብቻ ይታተማል። ፒዲኤፍ ሲያወጡ የቀለሙ ገጽ ላይ ከ«ስክሪን» ወደ «ፕሪንተር» መቀየር አይረሳ። የሚቆረጠው ትርፍ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ኤ4 ወረቀት 210 በ297 መሆኑ ቀርቶ 216 በ303 ሆኖ ይወጣል። ፎቶው ኤ4ን የሚሞላ ከሆነ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ይፈልጋል።

ባነር ላይ ግን ያው 300 ዲፒአይ መከራ ያመጣል። 2 በ1 ሜትር የሆነ ባነር በ300 ሲዘጋጅ 23622 በ11811 ፒክስል ይሆናል፤ አንዱ ሌየር ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ ይበላል። 4 ጊጋ ራም ያለው የላብ ኮምፒውተር እዚያው ቀጥ ይላል፤ ፎቶሾፕም ሆነ ጂምፕ አያድነውም። በ100 ዲፒአይ 7874 በ3937 ቢሆን ከሦስት ሜትር ርቆ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም። ተማሪው ማወቅ ያለበት ይህንን ስሌት ነው። ስሌቱን ከያዘ የትኛውም ፕሮግራም ላይ ይሠራል።

የላብ ቴክኒሻን፣ ፍኖተ ሰላም፦
ክራኩን ከጥገና በኩል እንየው። ለመጫን መጀመሪያ አንቲቫይረስ ይጠፋል። የተጠለፈው ፋይል ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም። ቫይረስ ካለው ከአንዱ ኮምፒውተር በፍላሽ እየተሸጋገረ ላቡን ሁሉ ያዳርሳል፤ እኛ የምንነቃው ፎልደሮቹ ሾርትከት ብቻ ሆነው የቀሩ ጊዜ ነው። አዲሱ ፎቶሾፕ ቢያንስ 8 ጊጋ ራም ይጠይቃል። በሕግም ቢሆን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የፈጠራ ሥራ ይጠብቃል። የመንግሥት ኮሌጅ ላይ ክራክ ጭኖ ተማሪውን «የሌላ ዲዛይነር ሥራ አትስረቅ» ማለት እንዴት ይሆናል?

ተማሪ፣ ዳንግላ፦
ሁላችሁም ስለ ፕሮግራሙ ነው የምታወሩት። መማሪያውስ? ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርት አብዛኛው የፎቶሾፕ ነው፤ ያውም ኔትወርክ ካለ።

የላብ ቴክኒሻን፣ ፍኖተ ሰላም፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚስብ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይጨርሳል። 30 ተማሪ ለየብቻው አንድ ሰዓት ቢያይ 13.5 ጊጋባይት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ኢንተርኔት ባለበት ቀን አንድ ጊዜ አውርዶ ላብ ውስጥ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው። ኢንክስኬፕ «ሄልፕ» ውስጥ «ቱቶሪያልስ» የሚል አለው፤ እያንዳንዱ ትምህርት ራሱ ኤስቪጂ ፋይል ስለሆነ ተማሪው እዚያው ላይ ነካክቶ ይለማመዳል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። የብሌንደር (የነጻው የ3ዲ ፕሮግራም) መመሪያም ሙሉው ተጠቅሎ ይወርዳል።

ያለ ኢንተርኔት መማሪያ የሚያሳዩት ኪዊክስና ኮሊብሪ የተባሉ ፕሮግራሞች ደግሞ አንዱን ላፕቶፕ ሰርቨር ያደርጉታል፤ ሌሎቹ በላብ ዋይፋይ በብሮውዘር ይከፍቱታል። እዚህ ላይ የሚያጋጥም ችግር አለ፦ የኪዊክስ ትልልቅ ፋይል በፋት32 ወደተዘጋጀ ፍላሽ አይገለበጥም፤ ያ አሠራር ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። ኮምፒውተሩ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ብሎ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ፍላሹ የተበላሸ ይመስለዋል። ወደ ኤክስፋት ፎርማት ማድረግ ብቻ ነው፤ በፊት የነበረው እንደሚጠፋ ግን አስቀድሞ ይታወቅ።

የፒኤስዲው ጭንቀት ደግሞ በፎቶፒ ይቃለላል። በብሮውዘር የሚሠራ ነው፤ መልኩም ከፎቶሾፕ ጋር የተቀራረበ ነው፤ ፒኤስዲ ከነሌየሩ ይከፍታል። ፋይሉ ወደ ሌላ ሰርቨር አይላክም፤ አንዴ ከተከፈተ ኔትወርኩ ቢጠፋም ሥራው ይቀጥላል። የብሮውዘሩን ትር (ታብ) መዝጋት ብቻ ነው የማይፈቀደው።

የፊደል ዲዛይን ባለሙያ፣ ባሕር ዳር፦
ከሁሉ በፊት መስተካከል ያለበት የአማርኛ ጽሑፍ ነው፤ ፎቶሾፕ ይሁን ኢንክስኬፕ ይህ ካልተያዘ ለውጥ የለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ እስካሁን ግን በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የሚሠራ ሞልቷል። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ የለጠፉ ናቸው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት «እንኳን አደረሳችሁ» የነበረው የእንግሊዝኛ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ተማሪው ከመጀመሪያው ቀን በኪይማን (የአማርኛ መጻፊያ ኪቦርድ ፕሮግራም) ዩኒኮድ ይጻፍ፤ ፎንቱን ከጎግል ፎንትስ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ያውርድ።

ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት ላይ «ቦልድ» መጫን ደግሞ ይቅርብን። ኒያላ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ፕሮግራሙ በግድ ሲያወፍረው ፊደሉ ያብጣል፤ «ጬ» እና «ጨ» ከሩቅ አይለዩም። ኖቶ ሳንስ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም በየደረጃው የተሣለ ፊደል አለው። ለማተሚያ ሲላክ ደግሞ ቅጂ አስቀርቶ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ መቀየር ነው፤ በኢንክስኬፕ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ። ቅጂው ካልቀረ የተሳሳተ ቀን ማረም አይቻልም።

ለልምምድ የባዕድ አገር ቴምፕሌት መገልበጥም ያሳዝነኛል። የብራና መጻሕፍት ሐረግ (የገጽ ጌጥ) ከፊታችን አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በማይክሮፊልም መነሣት የጀመሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በአሜሪካው ሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ተመዝግቦ ይታያሉ። ጥቁርና ነጭ መሆናቸው ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ተማሪው የሐረጉን አንድ አራተኛ ብቻ በእጁ በቤዚየር (በነጥብ እየታጠፈ በሚስተካከል) መስመር ይከተል፣ ከዚያ ገልብጦ ይግጠመው። በ«ትሬስ ቢትማፕ» (ፎቶን በራሱ ወደ መስመር በሚቀይረው ትእዛዝ) ቢያወጣው የብራናውን እድፍ ሁሉ በሺህ ነጥብ ይሰጠዋል፤ መስመሩም እንደታመመ ይንቀጠቀጣል።

የማተሚያ ቤት ባለሙያ፣ ደብረ ማርቆስ፦
ስለ ፓወር ግዕዙ እጄን ሰጥቻለሁ፤ ከሁሉ በላይ የሚያስመርረን እሱ ነው። በስክራይበሱ ግን በወሬ አላምንም። የአንድ ክፍል ተማሪዎች ኤ4 የጥሪ ወረቀት በተባለው መንገድ አውጥተው ይላኩ፦ 216 በ303፣ ጽሑፉ 9 ፖይንት፣ ጥቁሩ 0-0-0-100። ከፎቶሾፕ የወጣ ተመሳሳይ ሥራም ጎን ለጎን ይታተም። በማጉያ መነጽር አይተን እንወስን።

የግራፊክስ መምህርት፣ ቡሬ፦
ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከፎቶሾፕ የሚወጣውም ጽሑፍ 0-0-0-100 ይሁን። ብዙ ሰው አርጂቢ ላይ ጽፎ ነው የሚቀይረው፤ ያ ደግሞ ያንኑ ባለ አራት ቀለም ጥቁር ይሰጣል።