ከምጽዋ ተጭኖ ባሕር ላይ የቀረውን አያቴን ከየት ልፈልገው?

የደሴዋ፦
ሰላም ናችሁ? የእናቴ አባት ጣሊያን ነበር፤ የካሚዮን ሾፌር። ደሴ ከአያቴ ጋር ይኖር ነበር። እናቴ በ1931 ተወለደች። እንግሊዝ ሲገባ ተይዞ አስመራ ተወሰደ። ከዚያ ምጽዋ ላይ መርከብ ላይ ጫኑት፤ መርከቡም ሰጠመ ተባለ። አያቴ ዓመቱን 1935፣ ወሩን ኅዳር ነው ትል ነበር። እስክትሞት ድረስ በየኅዳሩ ጸበል ጻዲቅ ታቀምስለት ነበር።

በእጄ ያለው አንድ ፎቶና በአማርኛ የተጻፈ የቤተሰብ ስሙ ብቻ ነው። በእናቴ የክርስትና ወረቀት ላይ አባት ተብሎ የተጻፈው የሴት አያቴ አባት ነው። ፓስፖርት ፍለጋ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ አይደለም። እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ስሙን አንድ መዝገብ ላይ ማየት ትፈልጋለች።

ሮም የከረመ፦
ልጄ፣ ምጽዋና ኅዳር 1935 ካልሽ መርከቧ ኖቫ ስኮሺያ ትመስለኛለች። የእንግሊዝ መርከብ ናት። የጣሊያን ምርኮኞችንና የታሰሩ ሲቪሎችን ጭና ወደ ደቡብ አፍሪካ ስትሄድ ኅዳር 19 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 28 ቀን 1942፣ ዩ-177 የሚባል የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ መታት። ከ1,000 በላይ ሰው ነበረባት፤ 858 አለቀ። አብዛኛው ጣሊያን ነው። ጀርመኖቹ ሁለት ሰው ከውኃ አውጥተው ሲጠይቁ፣ የመቱት የገዛ ወዳጃቸውን ሰዎች ነው! ግን የተረፉትን እንዳታነሡ የሚል ትእዛዝ ስለነበረባቸው ጥለው ሄዱ። ኋላ አንድ የፖርቱጋል የጦር መርከብ ከዛሬዋ የሞዛምቢክ ከተማ ማፑቶ መጥቶ የቀሩትን ለቀመ። ብዙ አስከሬን ደቡብ አፍሪካ፣ ናታል ዳርቻ ላይ ወጥቶ እዚያው ተቀብሯል።

አንቺ ግን ከመርከቧ አትጀምሪ፤ ከትውልድ ከተማው ጀምሪ። ጣሊያን አገር ጋብቻም ሞትም በልደት መዝገቡ ኅዳግ ላይ ይጻፋል። ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቂ። ሌላ ሚስት ብታገኚም አትደንግጪ። ወታደር ከነበረ ደግሞ የውትድርና መዝገቡ በክፍለ ሀገሩ የመንግሥት መዝገብ ቤት አለ። የመከላከያ ሚኒስቴሩም በጦርነቱ የሞቱና የጠፉ ወታደሮችን ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጧል።

ፒያሳ፦
እህቴ፣ ቅር አይበልሽና፣ ሞቷል ብለሽ አትነሺ። "ባሕር በላው" የተባለ ስንቱ አገሩ ገብቶ ልጅ አሳድጓል! በፈረንጆቹ በ1942 እና በ1943 ሳቱርኒያና ቩልካኒያን የመሳሰሉ የጣሊያን መርከቦች ሲቪሎችን ከዚህ አካባቢ አገራቸው መልሰዋል። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ቢሆኑም ሽማግሌና በሽተኛ ወንድም ነበረባቸው። ሌላው ምርኮኛ ደግሞ ኬንያና ሕንድ ተግዞ ከጦርነቱ በኋላ ተመልሷል።

የደሴዋ፦
እሱን እኔም አስቤዋለሁ። በሕይወት ኖሮ ሳይጽፍላት ከቀረ ይለይለትና እናቴ ትወቀው። የሚያናድደኝ ግን የወረቀቱ ነገር ነው። አብሯት እየኖረ ለምን አላስመዘገበም?

ሮም የከረመ፦
እሱን እንኳ አትፍረጂበት። በፈረንጆቹ በ1937 የወጣው የፋሺስት ሕግ ጣሊያን ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ከኖረ እስከ 5 ዓመት ያሳስር ነበር። ለዚህ ነው ብዙዎቹ ሴቶች "አብሳይ" ወይም "አጣቢ" ናት ተብለው የኖሩት። በፈረንጆቹ በ1940 ደግሞ አባት ክልስ ልጁን እንዳያስመዘግብ ጭራሽ ተከለከለ። ስለዚህ እናትሽን በእሱ ወረቀት ውስጥ አትፈልጊያት፤ እሱን ለብቻው ፈልጊው። ፎቶው ጀርባ ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም የለም?

የደሴዋ፦
አለ! የከተማው ስም ደብዝዟል እንጂ ግማሹ ይነበባል። እስካሁን ልብ አላልኩትም ነበር።

ሮም የከረመ፦
በይ ፎቶውንም ማኅተሙንም በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ለማዘጋጃ ቤቱ በጣሊያንኛ እኔ እጽፍልሻለሁ። የሚገመተውን የልደት ዘመንም ጨምሪ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፣ አለዚያ ሰባት ዓመት ስተው ይፈልጋሉ።

የደሴዋ፦
ላኩልዎት ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቤተሰቡ ስም በ"በ" ይሁን በ"ቨ" እናቴ እርግጠኛ አይደለችም። በሁለቱም ይጠይቁልኝ።