ጡንቻን ወጥሮ መያዝና የሲሚንቶ ዳምቤል፦ እንዴት ላቀናጃቸው?

አራተኛ ፎቅ (ኮዬ ፈጬ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ ስለሆነ ንጋት 11 ተኩል ወጥቼ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው የምገባው። በዚያ ሰዓት ጂም ፍለጋ መውጣት አይታሰብም። ቤት ውስጥ ያሉኝ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተን ከወንድሜ ጋር የሠራናቸው ሁለት ዳምቤሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 8 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አይጠፋም። አንድ ጠንካራ የዕቃ ማሰሪያ ቀበቶም አለኝ።

ችግሩ ዳምቤሎቹ ቀለሉኝ። 25 ጊዜ ሳላርፍ አነሳቸዋለሁ። ሌላ ብረት ለመግዛት አሁን አቅም የለኝም። ከታች ያሉት ጎረቤቶቼም ጨቅላ ሕፃን ስላላቸው ማታ ወለል ላይ ብረት ማንኳኳት አልፈልግም። ሳይንቀሳቀሱ ጡንቻን ወጥሮ መያዝ፣ አይሶሜትሪክ የሚሉት፣ ይሠራል ሲባል እሰማለሁ። እውነት ጉልበት ይጨምራል? ከዳምቤሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አባቴም አብረውኝ ነው የሚኖሩት፤ የደም ግፊት አለባቸው። እሳቸውስ ሊሞክሩት ይችላሉ?

የቡራዩው አሠልጣኝ፦
ወንድሜ፣ ያለህ ዕቃ በቂ ነው። እኔ ቡራዩ ግቢዬ ውስጥ የሰፈር ልጆችን አሠራለሁ። ብረታችን ከጋራዥ የወጣ የመኪና ጥርስ ነው፤ እሱም ለሁሉም አይደርስም። ተራ የሚጠብቁት ልጆች ቆመው ከሚያወሩ ብዬ ነው ወጥሮ መያዝን ያስገባሁት። አሁን ዋና ሥራችን ሆኗል።

ጉልበት ይጨምራል ወይ ላልከው፣ አዎ። በ1953 እ.ኤ.አ. ሄቲንገርና ሙለር የሚባሉ ጀርመናውያን በቀን 6 ሰከንድ ያህል መወጠር እንኳ ጉልበት እንደሚጨምር ጽፈው ብዙ ሰው አስገርመዋል። ከእነሱ በኋላ የሞከሩት ያን ያህል ፈጣን ለውጥ አላገኙም። ለውጡ ግን አለ።

አንድ ነገር ልብ በል። ወጥረህ በመያዝ የምታገኘው ጉልበት በብዛት በያዝክበት ማዕዘን ዙሪያ ነው። ክንድህን 90 ዲግሪ አጥፈህ ብቻ ከለመድክ እዚያው ትጠነክራለህ፤ ክንድህ ሲዘረጋ ብዙም አልተለወጥክም። ዳምቤሉን የማትተወው ለዚህ ነው። እሱ ከላይ እስከ ታች ያንቀሳቅስሃል። መያዙ ደግሞ የሚከብደው ቦታ ላይ ያቆይሃል። ጡንቻው በተለጠጠበት ቦታ መያዝ ባጠረበት ከመያዝ ይሻላል። ጡንቻውን የበለጠ ያወፍረዋል፣ ጉልበቱም ወደ ሌላው ማዕዘን ይሻገራል።

ስለዚህ ለክንድ ዳምቤሉን ስታወርድ ቀስ በል። ክንድህ ሙሉ በሙሉ ሊዘረጋ ትንሽ ሲቀረው አቁመው። 5 ሰከንድ። ይንቀጥቀጥ፣ ግድ የለም። ከዚያ አንሳ። 25 ጊዜ ያነሳኸው ዳምቤል ገና በስምንተኛው ያስጨንቅሃል። ፑሽ አፕም እንዲሁ ነው፤ ደረትህ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቁም።

ለእግርና ለጀርባ ግን 8 ኪሎ ምንም አያደርግም። እዚህ ላይ ቀበቶህን አምጣ። በሁለት እግርህ ርገጠውና ጫፍና ጫፉን ያዝ። ጉልበትህን አጠፍ፣ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ ወደ ላይ ሳብ። ቀበቶው ንቅንቅ አይልም፤ አንተ ግን ያለ የሌለ ኃይልህን ልታወጣበት ትችላለህ። በድንገት አትንጠቅ። ሁለት ሰከንድ ያህል እየጨመርክ ሄደህ ከ5 እስከ 6 ሰከንድ ያዝ። አንድ ሁለት ደቂቃ አርፈህ ድገም፣ ሦስት አራት ጊዜ። ከዚያ ቀበቶውን አስረዝመህ በሌላ ከፍታ ሳብ። ጎረቤትህ ምንም አይሰማም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ ሰውነትህን አሟሙቅ፣ ሳትደክም ቀበቶውን ጨርስ፣ ዳምቤሉ ይከተላል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃሃል።

የመያዝ ትልቁ ችግር አለመለካቱ ነው። ዳምቤል ኪሎው ይታወቃል፤ ቀበቶ ግን ዛሬ ከትናንት ብትለግም አይነግርህም። ልጆቼ ላይ ይሄን አይቼ ገበያ ላይ ዕቃ የሚመዝኑበትን ተንጠልጣይ ሚዛን ገዛሁ። ከቀበቶው ጋር አያይዘን በአንድ ክንድ ስንስብ ቁጥሩን እናያለን። ልጆቹ ደብተር ላይ ይጽፉታል። ለእግርና ለጀርባ ግን አትጠቀምበት፤ ከአቅሙ በላይ ትስብና ይበጠስብሃል።

ሲስተር ከየካ አባዶ፦
ስለ አባትህ እኔ ልመልስ፤ ነርስ ነኝ። በሙሉ ኃይል የሚሳበውን የቀበቶ ሥራ አባታችን አይንኩት። ሰው ሲታገል ትንፋሹን ያፍናል፣ ያኔ ግፊቱ በአንዴ ወደ ላይ ይወጣል።

ቀለል ያለው መያዝ ግን ለግፊት ጥሩ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ 270 ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ትንተና ግፊትን በማውረድ በኩል አይሶሜትሪክ ከሌሎቹ የስፖርት ዓይነቶች ቀዳሚ ሆኖ አግኝቶታል። ጀርባን ግድግዳ ላይ አስደግፎ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሆኖ መቆየት አንዱ ነው። በጥናቶቹ የተለመደው 2 ደቂቃ አራት ጊዜ፣ በመሃል እያረፉ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ነው። አባትህ ግን ከዚያ አይጀምሩ። ጉልበታቸውን ትንሽ ብቻ አጥፈው ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይሞክሩ። ድምፃቸውን አውጥተው ይቁጠሩ፤ የሚቆጥር ሰው ትንፋሹን ማፈን አይችልም።

በመጀመሪያ ጤና ጣቢያ ወስደህ አስለካቸው። 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይ ደረታቸውን የሚወጋቸው ከሆነ፣ ሐኪም ሳያያቸው አይጀምሩ። መድኃኒታቸውንም ተሻለኝ ብለው እንዳያቆሙ፣ አደራ።

ብየዳ ቤት ለገጣፎ፦
የሲሚንቶ ዳምቤል ላላችሁ ሁሉ፦ በእጅ የምትይዙት ቱቦ ጫፍ ላይ ፌሮ በመስቀል ተበይዶ ነው ሲሚንቶው የፈሰሰው? ካልሆነ ውሎ አድሮ ይላላል። ከጭንቅላት በላይ ከማንሳታችሁ በፊት ቆርቆሮውን ጠምዝዛችሁ ሞክሩት። ከዞረ ለሌላ ሥራ ይሁን እንጂ ወደ ላይ አታንሱት።

አራተኛ ፎቅ (ኮዬ ፈጬ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአንደኛው ዳምቤል ቆርቆሮ ይዞራል፤ ቅዳሜ ብየዳ ቤት እወስደዋለሁ። አባቴን የዚያኑ ዕለት አስለካቸዋለሁ። አሠልጣኝ፣ ቀበቶውን ሞከርኩት፤ ጠርዙ መዳፌን ይቆርጠኛል። ጄሪካኑንስ ምን ላድርገው?

የቡራዩው አሠልጣኝ፦
ለመዳፍህ ሁለት አጫጭር የመጥረጊያ እንጨት ቁረጥና ቀበቶውን ዙሪያውን ጠምጥምበት፤ እንጨቱን ነው የምትይዘው። ጄሪካኑን በአንድ እጅህ ይዘህ ደረጃውን ውጣ፣ በየፎቁ እጅ ቀይር። ትከሻህ ወደ ጎን እንዳይጋደል፣ የወገብህ ጎን ሥራው እሱን መከልከል ነው። ሙሉው ከከበደህ በግማሽ ጀምር። የግማሹ ውሃ ግን ስለሚዋልል ቀስ ብለህ ርገጥ፣ በተለይ መብራት የሌለ ማታ።