ጥቆማ፦ የዲኤንኤስ ሰርቨርን ከሩቅ ለማዘዝ የትኛው ይሻላል?

የዲኤንኤስ ሰርቨርን፣ ማለትም የድረ ገጽ ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚተረጉመውን፣ ከሚያስተዳድሩ የሲስተም አድሚን ጓደኞቼ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይደጋገማል። «ሰርቨሩ ዳታ ሴንተር ነው፣ እኔ ቢሮ ነኝ። አንድ ሪከርድ (የስምና የአይፒ መዝገብ) በነካሁ ቁጥር ሰርቪሱን ሪስታርት ከማድረግ የሚገላግል ነገር ካለ ጠቁመኝ።» እንዲህ ያለ መሣሪያ አለ። እንዲያውም ለብዙዎቻችሁ ሰርቨሩ ላይ ተጭኖ ቁጭ ብሏል፤ ዞር ብሎ ያየው የለም እንጂ። ከዚህ በታች የምጠራቸው የሊኑክስ መሣሪያዎች በሙሉ በነጻ የሚገኙ ስለሆኑ ዋጋ ማወዳደሩን ተዉት። መጀመሪያ የሚታየው ሰርቨራችሁ ላይ የሚሠራው ሶፍትዌር የትኛው እንደሆነ ነው።

ባይንድ የተባለው የዲኤንኤስ ሶፍትዌር ከሆነ መልሱ የባይንድ ማዘዣ መሣሪያ የሆነው አርኤንዲሲ ነው። የማውቃቸው ቢሮዎች አብዛኞቹ ባይንድ ላይ ስለሆኑ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ባይንድ ቲሲፒ ፖርት 953 ላይ ትእዛዝ ይጠብቃል። አርኤንዲሲ ትእዛዙን በሚስጥር ቁልፍ ፈርሞ ይልካል። ሰርቨሩም ያንኑ ቁልፍ ስለያዘ ፊርማውን አመሳክሮ ይፈጽማል። ልብ በሉ፣ ትእዛዙ ይፈረማል እንጂ አይመሰጠርም። መሀል ላይ ያለ ሰው እናንተን መስሎ ማዘዝ አይችልም፤ ምን እንዳዘዛችሁ ግን ማየት ይችላል።

ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ባይንድን ስትጭኑ ቁልፉ አብሮ ይፈጠራል። ኢቲሲ ውስጥ ባይንድ የሚለው ፎልደር ሥር «አርኤንዲሲ ዶት ኪ» ተብሎ ታገኙታላችሁ። እነ አልማ ሊኑክስ ላይ ቀጥታ ኢቲሲ ሥር ነው። ከጠፋባችሁ ወይም መቀየር ከፈለጋችሁ «አርኤንዲሲ ኮንፍጄን»ን ከ«ሰረዝ ኤ» ጋር ማስኬድ ነው። እዚያው ማሽን ላይ ለመጠቀም ሌላ አንድ መስመር መጻፍ አያስፈልግም። ባይንድ ሲነሳ ቁልፉን አይቶ ለራሱ ማሽን ብቻ በሩን ይከፍታል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ትእዛዙን በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ ስም) ስታስኬዱት ፋይሉም የሩት ንብረት ይሆናል። ባይንድ ደግሞ የሚሠራው በሌላ ተጠቃሚ ነው፤ ዴቢያን ላይ «ባይንድ»፣ ሬድ ሃት ቤተሰብ ላይ «ኔምድ» ይባላል። ቁልፉን ማንበብ ካልቻለ በሩን አይከፍትም። እናንተም «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» እያያችሁ ፋየርዎል ስትፈትሹ ትውላላችሁ። «ሰረዝ ዩ» ጨምራችሁ የተጠቃሚውን ስም ስጡት፣ ያልቃል።

ከሌላ ማሽን ለማዘዝ ሁለት ቦታ መጻፍ አለ። ሰርቨሩ ላይ፣ የባይንድ ኮንፊግ ውስጥ፣ «ኮንትሮልስ» የሚል ብሎክ ትከፍታላችሁ። በየትኛው አይፒ እንደሚያዳምጥ፣ ከየትኛው አይፒ እንደሚቀበልና የትኛውን ቁልፍ እንደሚያምን ትነግሩታላችሁ። የእናንተ ማሽን ላይ ደግሞ «አርኤንዲሲ ዶት ኮንፍ» ውስጥ ያንኑ ቁልፍ፣ ያንኑ የመፈረሚያ አልጎሪዝምና የሰርቨሩን አድራሻ ታስገባላችሁ። አልጎሪዝሙን ኤችማክ ሻ 256 ላይ ተዉት። አሮጌ መመሪያዎች ላይ የምታዩትን ኤምዲ 5 እለፉት። ፋየርዎሉ ላይም 953ን ለዚያች አንዲት አይፒ ብቻ ፍቀዱ።

ከዚያ «ኮኔክሽን ቱ ሪሞት ሆስት ክሎዝድ» ሊላችሁ ይችላል። ይሄ መልእክት ሲመጣ ከሥሩ ጥርጣሬውን ይደረድራል፦ ወይ የድሮ ፕሮቶኮል ነው፣ ወይ አልተፈቀደላችሁም፣ ወይ ሰዓቱ አልተስማማም፣ ወይ አልጎሪዝሙ ተሳስቷል፣ ወይ ቁልፉ ልክ አይደለም። እኛ አገር ከሆናችሁ ከሰዓቱ ጀምሩ። መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱ ይሟጠጣል፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ከሞተች ቆይታለች። ሰርቨሩ ሲነሳ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ይነሳል። ቁልፉም ፋየርዎሉም ደህና ሆኖ አርኤንዲሲ እምቢ ይላል፤ ፊርማው ውስጥ ሰዓት አለበት። ሁለቱም ማሽን ላይ «ዴት» ብላችሁ አወዳድሩ። አንዱ በአዲስ አበባ ሰዓት፣ ሌላው በዩቲሲ ቢያሳይ ግድ የለም፤ የሰዓት ክልሉ ችግር አይፈጥርም። ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ ሰዓት የሚያስተካክለውን ክሮኒን ጫኑና ባትሪዋን ቀይሩ።

ትእዛዞቹን ሁሉ አልዘረዝርም። ዕለት ተዕለት የምትፈልጓቸው ጥቂት ናቸው። «ስታተስ» ሰርቨሩ በሕይወት መኖሩን ይነግራችኋል። «ሪሎድ» ከዞኑ (ከአንድ ዶሜይን ሪከርዶች ስብስብ) ስም ጋር ያንን ዞን ብቻ ያድሳል፤ የዞኑን ሲሪያል (የለውጥ) ቁጥር ካላሳደጋችሁ ግን ቅጂውን የሚይዙት ሁለተኛዎቹ ሰርቨሮች ለውጡን አይወስዱም። «ሪኮንፊግ» አዲስ ዞን ስትጨምሩ ነው፤ የነበሩትን የዞን ፋይሎች አይነካም፣ ስለዚህ ብዙ ዞን ያለበት ሰርቨር ላይ ይፈጥናል። ዞኑ ዳይናሚክ (በፕሮግራም በኩል የሚታደስ) ከሆነ በእጅ ከመንካታችሁ በፊት በ«ፍሪዝ» አግዱት፣ ስትጨርሱ በ«ታው» ልቀቁት። «ድረ ገጹ አዲስ አይፒ ላይ ሄዶ እኔ ጋ አሮጌው ነው የሚመጣው» የሚል ሰው ሲደውል «ፍላሽኔም» ብላችሁ ያቺን ስም ብቻ ከካሽ (ሰርቨሩ ካስቀመጣቸው የቆዩ መልሶች) አውጡ። ለአንድ ሰው ብላችሁ ካሹን በሙሉ አታራግፉ።

አርኤንዲሲ የማይችለው ነገር አለ። የሞተን ባይንድ ማስነሳት አይችልም፤ የሚያዳምጠው የለማ። ለዚያ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ መስመር ከሩቅ መግቢያው) ገብታችሁ ሰርቪስ በሚያስነሳው ሲስተምሲቲኤል ማስነሳታችሁ አይቀርም። ታዲያ ኤስኤስኤች የግድ ከሆነ 953ን ለምን ለውጭ እንከፍታለን? የኔ ምክር ይሄ ነው፦ ፖርቱን 127.0.0.1 (ማሽኑ ለራሱ ብቻ የሚጠቀምበት አድራሻ) ላይ ተዉት፣ በኤስኤስኤች ገብታችሁ አርኤንዲሲን እዚያው እዘዙ። ምስጠራውም በዚያው ይገኛል። 953ን ለሌላ ማሽን መክፈት ትርጉም የሚሰጠው ብዙ ሰርቨር ከአንድ ቦታ በስክሪፕት ስታስተዳድሩ ነው፤ ያም በቪፒኤን ውስጥ። ሞኒተሪንግ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ ኮንትሮልስ ብሎኩ ውስጥ «ሪድ ኦንሊ የስ» የሚባል አለ። እነ ስታተስን ይመልሳል፣ ከመንካት ይከለክላል። የማታ ተረኛውም ተረጋግቶ ይተኛል።

ለቢሮ ወይም ለካምፓስ ካሽ የምትጠቀሙት አንባውንድ የተባለው ሶፍትዌር ከሆነ መሣሪያው አንባውንድ ኮንትሮል ነው። ፖርቱ 8953 ሲሆን ሲጫን ዝግ ነው፤ «ኮንትሮል ኢኔብል የስ» ማለት አለባችሁ። «አንባውንድ ኮንትሮል ሴታፕ» አንዴ ሲሄድ ሰርቲፊኬቶቹን ይሠራል፣ ግንኙነቱም በቲኤልኤስ ይመሰጠራል። በዚህ ከአርኤንዲሲ ይበልጣል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፦ ተራው «ሪሎድ» ካሹን ባዶ ያደርጋል። ኢንተርኔቱ በሚንቀራፈፍበት ሰዓት ይሄን ካደረጋችሁ ስልኩ ወዲያው ይጮኻል። አዳዲስ ቅጂዎች ላይ «ሪሎድ ኪፕ ካሽ» መጥቷል፤ እሱን ልመዱ።

ኤንኤስዲ የተባለው የዲኤንኤስ ሶፍትዌር የአንባውንድ ቤት ልጅ ነው። ሁለቱንም የሚሠራው ሆላንድ ያለው ኤንኤልኔት ላብስ ነው። ፖርቱ 8952፣ የሰርቲፊኬት አሠራሩም ያው። አንዱን ያወቀ ሌላው አይከብደውም። ኤንኤስዲ የራሳችሁን ዞን ብቻ ይመልሳል፣ ካሽ አይሆንም።

በግሌ የምወደው ኖት ዲኤንኤስ የተባለው ሶፍትዌር ነው፤ የቼክ ዶሜይን አስተዳዳሪው ሲዜድኒክ ነው የሚሠራው። መሣሪያው ኖትሲ ይባላል። በተለመደው አጫጫን ለትእዛዝ የኔትወርክ ፖርት ጨርሶ አይከፍትም፤ እዚያው ማሽን ላይ ባለ ሶኬት ነው የሚነጋገረው፣ ስለዚህ ከሩቅ ሲሆን በኤስኤስኤች። ዝም ብላችሁ «ኖትሲ» ብትሉት የራሱን መስመር ይከፍትላችኋል፣ በታብ ይሞላል። ዞን ስትቀይሩ «ዞን ቢጊን» ትላላችሁ፣ ሪከርዱን ታስገባላችሁ፣ «ዞን ዲፍ» ብላችሁ ምን እንደተቀየረ ታያላችሁ፣ ከዚያ «ዞን ኮሚት»። ካላማራችሁ «ዞን አቦርት»። አርብ ማታ ዞን መንካት ግድ ሲሆን ይሄን ነው የምፈልገው።

ፓወርዲኤንኤስ የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ ሆስቲንግ ለምትሸጡ ነው። ዞኑን ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ማስቀመጥ ይችላል፤ ፒዲኤንኤስ ኮንትሮል የሚባል ማዘዣም አለው። ዋናው ጥቅሙ ግን ኤፒአዩ (ሌላ ፕሮግራም የሚያዝበት በር) ነው። ፖርት 8081 ላይ በኤፒአይ ኪ ከራሳችሁ የደንበኛ ሲስተም ጋር ታገናኙታላችሁ። የሚሄደው ግን በተራ ኤችቲቲፒ ስለሆነ ግንኙነቱን ከሚመሰጥርለት ኢንጂንኤክስ ዌብ ሰርቨር ጀርባ አስቀምጡት።

«ትእዛዝ መጻፍ አልወድም፣ ሰርቨርን በብራውዘር የሚያስተዳድረው ዌብሚን ይሻለኛል» ለምትሉ፦ የባይንድ ሞጁሉ አርኤንዲሲን የሚያዘጋጅ ገጽ አለው፣ ይሠራል። 953ን መክፈት ፈርታችሁ የዌብሚንን 10000 ለዓለም ብትከፍቱ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ነው። ቢሯችሁ የዊንዶውሱ አክቲቭ ዳይሬክተሪ ላይ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው ሁሉ አይመለከታችሁም፤ ዲኤንኤስ ማኔጀርና ፓወርሼል ይበቋችኋል። ዶሜይናችሁ ሼርድ ሆስቲንግ ላይ ከሆነም የምትነኩት በፓነሉ ያለውን ዞን ኤዲተር ብቻ ነው።

ቪፒኤስ (የኪራይ ቨርቹዋል ሰርቨር) ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። ስሙን ከማልጠራው አቅራቢ ሁለት ማሽን ወስደን የሁለቱም አርኤንዲሲ ቁልፍ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ባይንድ የተጫነበትን ኢሜጅ ለደንበኛ ሁሉ እየቀዱ ነበር። እና ማሽኑን እንደተረከባችሁ ቁልፉን አዲስ አድርጉት፣ ባይንድን ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ «ኤስኤስ» በሚለው ትእዛዝ 953 የሚያዳምጥበትን አድራሻ እዩ። 127.0.0.1 ካለ ሥራችሁን ቀጥሉ። 0.0.0.0ን ወይም የውጭውን አይፒ ካያችሁ ማንም ሳያየው ኮንትሮልስ ብሎኩን አስተካክሉ።