ግላይደር የሚከራይ አብራሪ የራሱን ኢንሹራንስ እንዲገዛ ይገደድ?

ጭልፊት፦
ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜና እሁድ የምበርበት ክለብ ረቂቅ ደንብ አውጥቷል። ቨርጂኒያ ነው፣ ስሙን ልተወው። ከሚቀጥለው የበረራ ወቅት ጀምሮ የራሱን የኢንሹራንስ ወረቀት ያላሳየ ተከራይ ግላይደር (ሞተር የሌለው አውሮፕላን) አይሰጠውም ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ኢንሹራንሱ የሰዓት ኪራዩ ውስጥ አለ ተብዬ ነው የጀመርኩት። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍ ኤ ኤ እንኳን ለእንዲህ ዓይነቱ የግል በረራ ኢንሹራንስ ግዙ አይልም። ለግላይደር የጤና ምስክር ወረቀትም አይጠይቅም። ታዲያ ክለቡ ከኤፍ ኤ ኤ በላይ ጥብቅ የሚሆነው ለምንድነው? እስቲ ተከራከሩኝ።

ሰማይ ሰፊ፦
ይሄ ምኑ ያከራክራል? በዓመት ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ለመጎተቻና ለኪራይ የምታወጣውን አስበው። እሱን መክፈል ካቃተህ አትብረር።

ጭልፊት፦
አንተ ደግሞ መልስህ ሁሌ አንድ ነው። ነገሩ የገንዘቡ ማነስና መብዛት አይደለም። ለአንድ ነገር ለምን ሁለቴ እከፍላለሁ ነው የምልህ።

ሒሳብ ሹም፦
ወንድሜ ጭልፊት፣ ሁለቴ እየከፈልክ አይደለም። አዲስ አበባ እያለሁ የካሳ ክፍል ሠርቻለሁ፣ እዚህም ሥራዬ ያው ኢንሹራንስ ነው። ኪራይህ ውስጥ ያለው የክለቡ ኢንሹራንስ ነው፣ የሚጠብቀውም ክለቡን ነው። ግላይደሯ ብትሰበር ኩባንያው ለክለቡ ይከፍላል። ከዚያ ፊቱን ወደ አንተ ሊያዞር ይችላል። «የሰበርከው አንተ ነህ፣ የከፈልኩትን መልስልኝ» ይልሃል። አገር ቤት በመኪና የምናውቀው ነገር ነው። ኢንሹራንስ ለደንበኛው ከፍሎ ሲያበቃ በዳረጎት መብት፣ ማለትም በደንበኛው ቦታ ተተክቶ፣ ገጪውን ይከሳል። እዚህም ሕጉ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

በብዙ ክለቦች የንብረቱ ድርሻ ያለው አባል በፖሊሲው (በኢንሹራንስ ውሉ) ውስጥ ስለሚካተት ይሄ አይመጣበትም። ተከራይ ግን ውጭ ነው። ስለዚህ ቦርዱን መጀመሪያ የምትጠይቀው «ኢንሹራንስ አላችሁ ወይ?» ብለህ አይደለም። «እኔ ውስጥ ነኝ ውጭ?» ብለህ ነው።

ጭልፊት፦
ይሄንን ማንም አልነገረኝም። ግን እኮ እኔ እስካሁን አንዲት ጭረት አላደረስኩም።

የድሮ አብራሪ፦
ልጆች፣ ኢንሹራንስ ሲባል መከስከስ ብቻ አይታያችሁ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ያየሁት ጉዳት አብዛኛው ግላይደሯ መሬት ላይ ቆማ እያለች የደረሰ ነው። አንድ የ16 ዓመት ተማሪ ካኖፒውን፣ ማለትም አብራሪው መቀመጫ ላይ የሚከደነውን ብርሃን አሳላፊ ክዳን፣ ክፍት ትቶ ውኃ ሊያመጣ ሄደ። ነፋሱ ድንገት ገልብጦ ዘጋው። ስንጥቁ ከማጠፊያው ተነስቶ እስከ መሐል ሄደ። ልጁ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ቆሞ ቀረ። ካኖፒ እንደ መኪና መስታወት ከሱቅ ገዝተው የሚገጥሙት ነገር አይደለም። ለዚያችው ሞዴል የተሠራ መሆን አለበት፣ ዋጋውም ሺዎች ነው። ደግሞ በፀሐይ ክፍት ከተተወ እንደ አጉሊ መነጽር ሆኖ ወንበሩን የሚያቃጥልበት ጊዜም አለ። ይሄንን ለተማሪ ሁሉ እነግራለሁ፣ ግን ማን ይሰማል።

የዚያን ልጅ አባት ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ የማይሸፍነውን የመጀመሪያ ድርሻ፣ ብቻ ከፍሎ ተገላገለ። ክለቡ ከኢንሹራንሱ ጋር አስቀድሞ የተዋዋለው እንደዚያ ነበር። እኔ ደንቡን የምቃወመው ለዚህ ነው። በዚህ አገር ልጅ በ14 ዓመቱ ግላይደር ለብቻው እንዲያበር ይፈቀድለታል። መጀመሪያ ሂድና ፖሊሲ ግዛ ካልነው ወደ ኮምፒውተር ጨዋታው ነው የሚመለሰው። ኪራዩ ላይ በሰዓት ጥቂት ዶላር ይጨመርና ክለቡ ሁሉንም ይሸፍን።

ሰማይ ሰፊ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይሄማ ጥንቃቄ የሚያደርገው ሰው ለዝርክርኩ ይክፈል ማለት ነው። የራሱ ፖሊሲ ያለው ሰው ካኖፒ ክፍት ትቶ አይሄድም።

የድሮ አብራሪ፦
ልጄ፣ ነፋስ ፖሊሲ አይጠይቅም።

ራይን፦
እኔ ያለሁት ጀርመን ነው። እዚህ መድን ግዴታ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 785/2004 መሠረት ከፍተኛ የመነሻ ክብደቱ ከ500 ኪሎ በታች ለሆነ አውሮፕላን ቢያንስ የ750,000 ኤስ ዲ አር የሶስተኛ ወገን ሽፋን ያስፈልጋል። ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ከሆነ 1.5 ሚሊዮን ነው። ኤስ ዲ አር የአይ ኤም ኤፍ የሒሳብ መለኪያ ነው፣ ከዶላር ከፍ ይላል። ባለ ሁለት መቀመጫዋ ኤ ኤስ ኬ 21 እስከ 600 ኪሎ ስለምትነሳ ሁለተኛው ውስጥ ትገባለች።

ልብ በሉ ግን። ግዴታው የተጣለው አውሮፕላኑን በሚያሠራው አካል ላይ ነው። የክለብ ግላይደር ከሆነ ክለቡ ላይ ነው። በእንግድነት ሌላ ክለብ ሄጄ ስበር የራስህን የመድን ወረቀት አምጣ ያለኝ የለም። ፈቃድህን፣ የበረራ መዝገብህን ነው የሚያዩት።

ጭልፊት፦
ይኸው! እነ ጀርመን እንኳን ተከራዩን አላስገደዱም። ክርክሩ አለቀ።

ሒሳብ ሹም፦
ኧረ ቀስ። ራይን ያለው ትክክል ነው፣ ግን ያ ሕግ የሚያስገድደው ለተሳፋሪና ለሶስተኛ ወገን የሚሆነውን ሽፋን ነው። ለግላይደሯ አካል ሽፋን ግዙ አይልም። የእናንተ ክርክር ደግሞ በአብዛኛው ስለ ግላይደሯ ነው።

የተከራይ ፖሊሲ ሁለት የተለያየ ነገር ይይዛል። አንደኛው ኃላፊነት ነው። ሰው ብትጎዳ፣ የሰው ንብረት ብታበላሽ ይከፍላል። ሁለተኛው የተከራየኸው አውሮፕላን ላይ የደረሰው ጉዳት ነው። ይሄ ለብቻው ይመረጣል፣ ለብቻው ይከፈልበታል። ሰው ርካሹን ያይና የመጀመሪያውን ብቻ ገዝቶ ይመጣል። ኃላፊነት የሚለው ደግሞ በእጅህ ያለውን፣ የተረከብከውን ንብረት አይጨምርም። እንግዲህ ደንባችሁ «የኢንሹራንስ ወረቀት ያሳይ» ብቻ ካለ፣ ሁላችሁም ወረቀት ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ካኖፒው ሲሰነጠቅ ግን አንዱም ወረቀት አይከፍልም። ቦርዱም አብራሪውም ተሸፍነናል ብለው ተኝተዋል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ሁለተኛውን ብትገዛም ጣሪያውን እይ። በአሮጌዋ ሽዋይዘር 2-33 ስትማር የመረጥከው 10,000 ዶላር ቢሆን፣ ነገ ወደ ኤ ኤስ ኬ 21 ስትሸጋገር መቀነቻ አይሆንህም። የሁለቱ ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ሌላም አለ። ለሞተር አውሮፕላን ተከራይ ተብሎ የሚሸጥ ፖሊሲ ሁሉ ግላይደርን ይጨምራል ማለት አይደለም። ግላይደር የሚል ነገር ፖሊሲው ላይ በጽሑፍ ከሌለ አትፈርም።

ሰማይ ሰፊ፦
እሺ እህቴ፣ አንድ ልጠይቅሽ። ወደ ላይ የሚያነሳን አየር ጠፍቶ ገበሬ ማሳ ላይ ብናርፍስ? በቆሎውን ማን ይከፍላል?

ሒሳብ ሹም፦
በቆሎው የሶስተኛ ወገን ንብረት ነው፣ ኃላፊነት የሚለው ክፍል ይመለከተዋል። ተሳፋሪ ይዘህ ከሆነ ግን ንዑስ ጣሪያውን አንብብ። ፖሊሲው «አንድ ሚሊዮን ዶላር» ብሎ ከሥሩ «ለአንድ ተሳፋሪ 100,000» የሚል የተለመደ ነው። አንድ ሚሊዮኑን ለሰው ስታወራ መቶ ሺዋን አትርሳ። የራስህ እግር ቢሰበር ደግሞ በዚህ ክፍል አይታከምም፣ እሱ የጤና ኢንሹራንስህ ጉዳይ ነው። የቤት ኢንሹራንሴ ያወጣኛል ብለህም አታስብ፣ አውሮፕላንን ለይተው ያስወጣሉ።

የድሮ አብራሪ፦
እኔም አንድ ልጨምር። በየ24 ወሩ ከአስተማሪ ጋር የምታደርጉት የበረራ ግምገማ ካለፈባችሁ፣ ሕጋዊ አብራሪ አይደላችሁም። ያኔ ኢንሹራንሱ ምን ምክንያት ላግኝ ብሎ አይቸገርም። ተሳፋሪ ለመያዝም በ90 ቀን ውስጥ ሦስት መነሳትና ማረፍ ያስፈልጋል። ከመዝገባችሁ ቀን ቁጠሩ። ግላይደሯን በተጎታች ሳጥኗ ከማሳ ስትመልሱም የበረራ ፖሊሲ ይሸፍነኛል ብላችሁ አትገምቱ፣ መንገድ ላይ በሌላ ሰው ላይ የምታደርሱት ጉዳት በአብዛኛው ወደ መኪናችሁ ኢንሹራንስ ይሄዳል።

ጭልፊት፦
እሺ፣ አቋሜን ላስተካክል እንጂ አልተውም። ደንቡን አሁንም እቃወማለሁ፣ በሌላ ምክንያት ግን። ወረቀት አምጡ ማለት ችግሩን ከክለቡ ጠረጴዛ ወደ እኛ ኪስ መወርወር ነው። ለቦርዱ ልጽፍ ነው። ኢንሹራንሱ ተከራዩን ላያሳድድ ይስማማ፣ የተጨማሪውን አረቦን (የኢንሹራንስ ክፍያ) ኪራዩ ላይ ይጨምሩ፣ እኛ በጥፋታችን ዲዳክቲብሉን እንክፈል። እንደ ጋሼ ክለብ።

ሰማይ ሰፊ፦
ለዝርክርኩ የምከፍለው እኔ ነኝ ማለት ነው። ድምፄ «ይግዙ» ነው፣ አልቀይርም።

ራይን፦
እኔ ከጭልፊት ጋር ነኝ። ሰማይ ሰፊ ግን አንድ ነጥብ አለው። ዲዳክቲብሉ ትንሽ ከሆነ ሰው ይዘናጋል። እኛ ጋ ሰው በቸልታ ላደረሰው ጉዳት የሚከፍለው ድርሻ የሚያም ነው።

ሒሳብ ሹም፦
ጭልፊት፣ ደብዳቤውን ጻፍ፣ ግን አንድ ነገር አደራ። ቦርዱ «እሺ፣ አንጠይቃችሁም» ብሎ በራሱ ቢፈርም አይበቃም። የመጠየቅ መብቱ የኢንሹራንሱም ነው። ክለቡ ሳያስፈቅድ ቢለቅልህ የራሱን ካሳ አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ «ይህ ስምምነት በፖሊሲው ላይ በኩባንያው ተጨማሪ አንቀጽ ሆኖ ይግባ፣ ኮፒውም ለተከራይ ይሰጥ» ብለህ ጻፍ። ኮፒው እስኪደርስህ ድረስ ደግሞ የራስህን ገዝተህ ብረር።