የመክፈቻ መጽሐፍ የቼዝ ፕሮግራሙ አካል ነው ወይስ አይደለም? ደንብ ማውጣት ተቸግረናል

ሰላም ከጎንደር። ተማሪዎች የጻፏቸውን የቼዝ ፕሮግራሞች ልናወዳድር ነው። አንደኛው የፖሊግሎት መጽሐፍ (በጨዋታው መጀመሪያ ለየትኛው አቀማመጥ የትኛውን እርምጃ እንደሚጫወት አስቀድሞ የያዘ ፋይል፤ ፖሊግሎት የፋይሉ ዓይነት ነው) ይዞ መጣ፤ ሌሎቹ ምንም የላቸውም። ባለቤቱ «መጽሐፉም የፕሮግራሜ አካል ነው» ባይ ነው።

ፋይሉን ላየው ሰንጠረዥ ነው፦ አንዱ መዝገብ 16 ባይት ሲሆን 8ቱ የሰሌዳው ቁልፍ (የአቀማመጡ መለያ ቁጥር)፣ 2ቱ እርምጃው፣ 2ቱ ክብደቱ (እርምጃው ምን ያህል እንደሚመረጥ)፣ 4ቱ ለመማሪያ የተተወ። ስሌት የሚባል የለበትም። ታዋቂው የቼዝ ፕሮግራም ስቶክፊሽም ዛሬ ያለ መጽሐፍ ነው የሚለቀቀው። በሌላ በኩል በ1997 የዓለም ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ያሸነፈው የአይቢኤም ኮምፒውተር ዲፕ ብሉ መክፈቻውን ያሰናዱለት ታላላቅ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ስለዚህ የልጁ ክርክርም ከሜዳ የመጣ አይደለም።

መጽሐፍ ጨርሶ ቢከለከልስ? በአንድ ክር (thread)፣ በተወሰነ ጥልቀት የሚያስቡ ፕሮግራሞች ያንኑ ጨዋታ ደጋግመው ይጫወታሉ፤ ውጤቱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ የቼዝ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ በሚያጫውተው ኪውትቼስ በተባለ ሶፍትዌር ለሁሉም አንድ የመክፈቻ ፋይል ሰጥተን፣ እያንዳንዱን መክፈቻ ነጭና ጥቁር እያቀያየሩ ሁለት ጊዜ እንዲጫወቱ አሰብን።

የተያዝነው እዚህ ላይ ነው፦ ፕሮግራሙ የራሱን መጽሐፍ እንዲጠቀም የሚፈቅደውን «ኦውንቡክ» የሚለውን አማራጭ አጥፍተን፣ ፋይሉንም አንስተን፣ ፕሮግራሙ የእኛ መክፈቻ እንዳለቀ አሁንም ያለ አንዳች ስሌት ወዲያው ይመልሳል። መጽሐፉ ኮዱ ውስጥ ተከትቶ ይሆን? ይህን ከውጭ ማረጋገጫ መንገድ አለ ወይስ ያለ መጽሐፍ እንደገና ኮምፓይል አድርግ ማለት አለብን? እናንተ ብትሆኑ ደንቡን እንዴት ትጽፉታላችሁ?